ኤሊዋን ያበሰበሳት ጠበሉ አልነበረም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር። ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ለአንዲት ሰው ተናግሬዋለሁ፤ ስለዚህ በውሸት አልጀምርም። ውሸቱ ይበቃኛል። ከዚያች ቀን በፊት ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌ አልተናገርኩም፣ ለእናቴም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በጾም የቀመስኩትን ሁሉ ስዘረዝር ኖሬ እዚህች ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠራርጌ አልፋት ነበር። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ ነበረ።

ነገሩ ስለ ኤሊ ነው። ሳቁ፤ ግድ የለም። እኔም አሁን ስለ ቀለለኝ እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ግን ኤሊዋ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ዓመት ደረቴ ላይ ባልተቀመጠች ነበር። ጥፋቴ እንዲህ ነው፦ ዳባት ሳለሁ የአንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ ኤሊ በእኔ ሕክምና ድንጋይ ልብሷ በሰበሰ። ያበሰበስኳት እኔ ነኝ። ሰው በተሰበሰበበት ግን ያበሰበሳት የሚስታቸው ጠበል ነው አልኩ። እኒያ ሴት ባልሠሩት ጥፋት ቀኖና ተቀብለው አርባ ቀን ሰገዱ። እኔ በመስኮት አይ ነበር።

ከመጀመሪያው ልናገረው።

ዲፕሎማዬን ይዤ እንደ ወጣሁ የተመደብኩት ዳባት አጠገብ ባለ የእንስሳት ጤና ኬላ ነው። ቤት የተከራየሁት ከመሪጌታ ክንፈ ግቢ ነበር። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው የጠፋው ገና በጎልማሳነታቸው ነው አሉ። ሚስታቸው እማማ ጥሩነሽ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከማለዳ እስከ ምሽት የማይቀመጡ ሴት ነበሩ። እንደ ገባሁ ሁለቱም «ዶክተር» ይሉኝ ጀመር። ዶክተር አይደለሁም፤ የተማርኩት ለረዳትነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ለማረም ሞከርኩ። በሦስተኛው ዝም አልኩ። በአራተኛው ሳምንት «ዶክተር የሺ» ብሎ ያልጠራኝ ሰው ላይ መኮሳተር ጀመርኩ። የሁሉ ነገር ሥር ይህ ይመስለኛል።

ኤሊዋ እሜቴ ትባል ነበር። ስሟን ያወጡት መሪጌታ ናቸው፤ እንደ ባላባት ሚስት የሚያስቸኩላት ነገር ስለሌለ ነው ይላሉ። ቆላ ወርዶ የሚያገለግል የድሮ ደቀ መዝሙራቸው ከአዲ አርቃይ ያመጣላቸው ናት። ድንጋይ ልብሷ ገለባማ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ፍንጥቅጥቅ አለበት፤ እንደ ተገጣጠመ ንጣፍ በቁራጭ በቁራጭ የተሠራ ነው። ግቢው ጠጠር ስለሆነ ስትሄድ ትሰማለች። መሪጌታ በድምጿ ይከተሏትና ጎንበስ ብለው ጀርባዋን ይዳስሷታል።

«በዚህ ግቢ ውስጥ ልደርስባት የምችል ፍጡር እሷ ብቻ ናት፤ ጥሩነሽንማ በሠላሳ ዓመቴም አልደረስሁባት» ይሉ ነበር።

እማማ ጥሩነሽ በየማለዳው ከጀሪካን ጠበል በመዳፋቸው ቀድተው መጀመሪያ የመሪጌታን ዓይን ያብሳሉ። መሪጌታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቋቸዋል። ቀጥሎ የራሳቸውን ፊት ይታጠባሉ። መዳፋቸው ላይ የቀረችውን ደግሞ እሜቴ አጠገብ ካለች ጀርባዋ ላይ ጠብ ያደርጉላታል። ጠብታ ነው የምላችሁ፤ ሦስት ወይም አራት ጠብታ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ክረምት ሲገባ ዳባት ጉም ይወርሳታል። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ምክር ሰጠሁ። «ይቺ የቆላ እንስሳ ናት፤ ብርዱ ይገድላታል፤ ማገዶ ቤት ገለባ ላይ አድርጓት» አልኩ። ብርዱን በተመለከተ አልተሳሳትኩም ነበር። ነገር ግን ማገዶ ቤቱ መስኮት የለውም፣ ጣራው ያንጠባጥባል፣ ገለባው ከሥር እርጥብ ነው። ገብቼ አየሁት? አላየሁም። በግ ገለባ ላይ ይተኛል፣ ኤሊም ገለባ ላይ ትተኛ ብዬ አለፍኩ። ሐምሌን ሙሉ ፀሐይ ሳታይ እርጥብ ገለባ ላይ ተቀመጠች። ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያወቁት መሪጌታ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና ጣታቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው፣

«ልጄ፣ እዚህች ላይ ጣቴ ይሰምጣል። ዱሮ አይሰምጥም ነበር» አሉኝ።

አየሁት። ወደ ኋላዋ ባሉት ሁለት ቁራጮች ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል፤ ጠርዙም ይፈረፈራል። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። በትምህርት ቤት ስለ በሬ፣ ስለ በግ፣ ስለ በቅሎ፣ ስለ ዶሮ ተምሬያለሁ፤ ስለ ኤሊ አንድ ገጽ አልተማርኩም። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። ጎንደር ያሉት መምህሬ ዘንድ ስልክ መደወል እችል ነበር፤ ስልክ ነበረ፣ ቁጥራቸውም ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ታዲያ ምን ያዘኝ? «ዶክተር» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ።

«ምንም አይደለም መሪጌታ፤ እርጅና ነው። እንደ ሽበት ይቁጠሩት» አልኳቸው።

ሳቁ። «እንግዲያውስ አብረን ሸበትና» አሉ። ጣታቸው ግን ከዚያች ቦታ አልተነሣችም። ዓይን ያለኝ እኔ ነጩን ብቻ አየሁ። ዓይን የሌላቸው እሳቸው ልስላሴውን አወቁ። ዛሬ ኤሊ ለሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት በአውራ ጣት ጫን በሉት እላለሁ። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም።

ነጩ እየሰፋ ሄደ። እማማ ጥሩነሽ እያዩ መጨነቅ ጀመሩ፤ ባገኙኝ ቁጥር «ዶክተር፣ ሽበቱ በዛባት እኮን» ይሉኛል። አንድ ቅዳሜ የበግ ሰኮና የምሞርድበትን ቢላ አውጥቼ ነጩን ልፋቀው ብዬ ተነሣሁ። ቢላው አዳለጠኝና አንዱን ቁራጭ ከዳር እስከ ዳር በረዥሙ ጫረው። ደነገጥኩ። እጄን ብርዱ ሰንጥቆት ስለነበር ትንሽ ቀደም ብዬ ቫዝሊን ተቀብቻለሁ፤ ጭረቱን ላባብል ብዬ በጣቴ ዳበስኩት። ጣቴ ያለፈበት ቦታ ላይ ነጩ ጠፋ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሮጬ ቆርቆሮውን አመጣሁና ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ለቀለቅኳት። አመዱ ጠፋ፣ ቢጫው ተመለሰ፣ ጥቁሩ አበራ። እማማ ጥሩነሽ መጥተው አዩና እልል አሉ። ጎረቤት ተጠራ። «ዶክተር የሺ አዳነቻት» ተባለ። እኔም ዳነች ብዬ አመንኩ ወይ? ብትጠይቁኝ እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ ለአንድ ቀን አመንኩ። በማግስቱ ቫዝሊኑ ሲደርቅ ነጩ ተመልሶ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ማታለሌን እያወቅኩ ነው የቀባኋት። በየቅዳሜው፣ እማማ ገበያ ሲወጡ ጠብቄ፣ ማገዶ ቤት ገብቼ እቀባት ነበር። ነሐሴን ቀባኋት፣ መስከረምን ቀባኋት። እርጥበቱን ከውስጥ አፍኜ ከላይ አብረቀረቅኳት።

ጥቅምት ላይ መሸተት ጀመረች።

የጥቅምት መድኃኔዓለም የጽዋ ማኅበር በመሪጌታ ቤት ነበር። ግቢው በካህናትና በጎረቤት ሞልቷል፣ ፀሐይም ስለወጣ እሜቴን ከማገዶ ቤት አውጥተዋት ሰው መካከል ትሄዳለች። አንዱ አፍንጫውን ያዘ። ሌላው አነሣትና ገለበጣት፣ መልሶ አቀናት። ያ የጫርኩት ቁራጭ ጠርዙ ተነሥቶ ነበር፤ ሥሩ ግራጫ፣ እርጥብ፣ እንደ ዘፈዘፉት ቆዳ የለሰለሰ። ሽታው ወጣ። ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ዶክተር፣ ምን ሆና ነው?» አሉኝ አንድ ቄስ።

ያን ጊዜ ያሰብኩት ለምን ያህል ጊዜ ነው? ሁለት ጊዜ ለመተንፈስ የሚበቃ ይሆናል። ቫዝሊኑን አሰብኩ። ማገዶ ቤቱን አሰብኩ። ቢላውን አሰብኩ። ከዚያ አፌን ከፈትኩና፣

«ውኃ ነው። በየቀኑ ጠበል ይፈስባት የለ? ለኤሊ እርጥበት ጠንቅ ነው። ያበሰበሳት ጠበሉ ነው» አልኩ።

ይህን ውሸት ከሌላው ውሸት የሚያከፋው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። እርጥበት የኤሊን ልብስ ያበሰብሳል። ግን ያበሰበሳት እርጥበት እኔ የፈረድኩባት ገለባ ላይ እንጂ በእማማ መዳፍ ላይ አልነበረም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣና ወደ እማማ ጥሩነሽ አዞረ። እሳቸው ጠላ ሊቀዱ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቆመዋል። ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። መሪጌታ ከተቀመጡበት «የተረፈች ጠብታ እኮን ናት» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር የሰማቸው የለም። እኔ ሰምቻለሁ።

ከሳምንት በኋላ እማማ ራሳቸው ከጓሮ ጠሩኝና፣

«ልጄ፣ ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። የተባረከውን ውኃ ለእንስሳ ማፍሰሴ ድፍረት ነው፤ ለዚህ ነው እርግማን የሆነባት ብዬ ነገርሁ። በቀን አርባ አርባ ስግደት፣ ለአርባ ቀን ተቀበልሁ። አንቺም ይቅር በይኝ፤ ያዳንሽውን አበላሸሁብሽ» አሉኝ።

ይቅር በይኝ አሉኝ። እኔን! ምን አልኳቸው መሰላችሁ? «ግድ የለም እማማ» አልኳቸው።

የክፍሌ መስኮት ወደ ግቢው ነው የሚያየው። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቆማሉ፤ ከዚያ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። የታመመ ጉልበት ሲታጠፍ ድምፅ አለው። እኔ ሻይዬን ይዤ ስቆጥር፣ ሃያ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ በግድግዳው መደገፍ ይጀምራሉ። አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ «እማማ ይነሡ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አላልኩም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እነሣለሁ፤ ከዚያ ነገ ብነግራቸው ምን ይጎዳል እላለሁ። አርባው ቀን አለቀ።

ከስግደቱም የባሰ ግን ሌላ ነበር። እማማ ጠበል መንካት ተዉ። «እጄ የተበላሸ ነው» አሉ። መሪጌታ ግን ለብዙ ዓመት የለመዱትን አልተዉም፤ ማለዳ ደረጃው ላይ ይቀመጡና ፊታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ። የሚመጣ እጅ የለም። ጥቂት ቆይተው ራሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉና ይነሣሉ። ያን ፊት እኔ ነኝ ባዶውን ያስጠበቅኩት። በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ላላየው የምመኘው እሱን ነው።

እሜቴ መብላት ስታቆም መሪጌታ ወደ ሽሬ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጧት። «አዲ አርቃይ አውርዳት፤ ባገሯ ትሙት» አሉት። መኪናው ላይ ስትጫን አግዣለሁ። መኪናው ከዓይን ሲጠፋ ምን ተሰማኝ? እውነቱን ልናገር ብያለሁና ልናገር፦ ቀለል አለኝ። ማስረጃዬ ሄደች።

ዓመቱ ሳያልቅ ደባርቅ ተዛወርኩ። በኋላ ትምህርቴን ስጨምር የኤሊን ልብስ በሽታ አነበብኩ፤ እርጥብ መኝታ፣ የፀሐይ እጦት፣ ዘይትና ቅባት። የምትከለክል እያንዳንዷ መስመር የእኔን ሥራ ትተርክ ነበር። መሪጌታ ሲያርፉ ለቅሶ ደረስኩ። እማማን አቅፌ አለቀስኩ፤ ከሁሉም በላይ አለቀስኩ። ሰው «እንዴት ትወዳቸው ነበር» አለ። አሁንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ወደ ሦስት ሳምንት በፊት ልምጣ።

አሁን ደባርቅ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለኝ። የቡይት ራስ ገበሬ በጉን ያመጣል፣ ከሳንቃ በር የሚወርደው ባለ በቅሎ የተላጠ ጀርባ ያሳየኛል። የዚያን ቀን አንዲት ሴት ትልቅ ዘምቢል ተሸክማ ገባችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ወይዘሮ አበባ ትባላለች፤ ከአዲ አርቃይ ናት። ጎንደር ልጇን ልትጠይቅ እየሄደች ነው።

«ይቺን ኤሊ እይልኝ እስቲ» አለች። «ጎረቤቶቼ ይህ ነጭ ነጩ በሽታ ነው፣ ለቤቱም ይተርፋል እያሉ አሳቀቁኝ። መጣሉንም አልቻልሁ።»

አሁን አላፍርም፤ እንደሚሠራው ሠራሁ። በንጹሕ ውኃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጠብኳትና በጨርቅ አደረቅኳት። ከነጩ ግማሹ አቧራና የውኃ ጨው ነበር፤ ለቀቀ። በቁራጮቹ መጋጠሚያ ላይ የቀረው ቀጭን ፈዛዛ መስመር ዕድገት ነው፤ ልብሷ ሲሰፋ የሚታይ አዲስ ጥፍር ማለት ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ በአውራ ጣቴ ጫንኩ፤ ጠንካራ ነው። አሸተትኩ፤ አፈር አፈር ትላለች። ከሥር የቀላ ነገር የለም፣ የሚፈረፈር የለም። ወደ ኋላዋ ስደርስ ጣቴ ጎድጓዳ ነገር ላይ ገባ። ያረጀ አጥንት የመሰለ፣ የዳነ ጉድጓድ ነው። በላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ረዥም ጭረት አለ።

እጄ ከእኔ ቀድሞ አወቃት።

«ከየት አገኛችኋት?» አልኩ።

«አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሾፌር ነበር። ዳባት አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ ባገሯ ትሙት ብለው ሰጡት። እሱም ከቤታችን ጓሮ ደረቅ አሸዋ ላይ ፀሐይ ላይ አስቀመጣትና ሞተች ብሎ ረሳት። ስትቆይ ከእናቴ ጎመን ውስጥ ተገኘች» አለች።

«መድኃኒትስ?»

«የምን መድኃኒት? ማንም አልነካትም።»

ማንም አልነካትም! ያዳናት ይህ ነው፤ ፀሐይ፣ ደረቅ መሬት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእኔ እጅ መውጣቷ። በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆንኩ፤ ሴትዮዋ ዘምቢሏን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ምንም አይደለም» አልኳት። «ጠባሳ ነው። በሽታ የላትም፣ ለማንም አትተርፍም።» ይህንኑ «ምንም አይደለም» ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ስለዚህችው ኤሊ ብዬው ነበር። ያን ጊዜ ሳላውቅ፣ አሁን አውቄ። ሁለቱ እንዴት እንደሚለያዩ የሚያውቀው የቀመሰው ነው።

ሱቄን ዘጋሁ። ወይዘሮ አበባ ወደ ጎንደር ስትሄድ ዳባትን ማለፏ አይቀርም። ነገሩን በሚኒባሱ ውስጥ ባጭሩ ነገርኳትና ለአንድ ሰዓት ዳባት እንድትወርድልኝ ለመንኳት። ትንሽ አሰበችና «እኔም ጉድ ማየት እወዳለሁ» አለች። ኤሊዋን በየተራ ጉልበታችን ላይ እየያዝናት ሄድን።

እማማ ጥሩነሽ ከመሪጌታ ዕረፍት በኋላ መንኩሰዋል፤ አሁን እማሆይ ናቸው። ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። ግቢው ያው ጠጠር ነው። እሜቴን እግራቸው ሥር አስቀመጥኳትና ተንበረከክኩ። ከዚያ ተናገርኩ። ማገዶ ቤቱን፣ ቢላውን፣ ቫዝሊኑን፣ ቅዳሜዎቹን፣ ማኅበሩን፣ መስኮቱን። አላቋረጡኝም።

«ያ እጅሽን የምትቀቢው ቫዝሊን?» አሉ በመጨረሻ።

«እሱ ነው እማሆይ።»

ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን በጣታቸው ፈለጉት፤ ልክ መሪጌታ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ቀና ብለው፣

«መሪጌታ ፊታቸውን ቀና አድርገው ሲጠብቁኝ በመስኮት አይተሻል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«እሱን አትመልሽውም።»

«አልመልሰውም እማሆይ።»

ሌላ ምን ይባላል? የሚመለስ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም መልሼው ነበር ማለት እንኳ አልችልም፤ ማንቆርቆሪያው መሬት ላይ ሳይቀመጥ መመለስ ይቻል ነበርና። ቢያንስ ስግደቱን ላካክስ ብዬ «የሰገዱትን ሁሉ ልስገድልዎ፤ ከእኔ ላይ ይውረድ» አልኳቸው። ይህን ጊዜ ሳቁ። ጥርስ ያለቀበት አፍ ሙሉ ሳቅ ነው።

«ወግጂ! የእኔ ለእኔ ተጽፎልኛል። በዚህ ጉልበት የሰገድሁትን ላንቺ ልሰጥ? አንቺ የራስሽን ስገጂ!»

ቀጠሉና ሳቃቸውን ሰብስበው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን በሰው ፊት ነው ያልሽው፤ በሰው ፊት መልሺው» አሉ።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። በዚያ ማኅበር ጠላ የጠጣችሁ፣ ከዚያም በኋላ «ኤሊ በጠበል ያበሰበሱት ሴትዮ» ስትሉ የኖራችሁ ሁሉ ስሙኝ፦ ጠበሉ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ እውነቱን ለመናገር ዕድሜዬ በቂ ነበር። አላውቅም ነበር አልልም፤ አለማወቄን አውቄ ነበር። ለንስሐ አባቴም ሄጄ ነገርኩ፤ «ሌላስ?» ሲሉኝ በእውነት ሌላ አልነበረም። ቀኖናዬን ተቀብያለሁ፤ ዛሬ አስራ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ጉልበቴ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። ስነሣ ግን እንደዚህ ቀሎኝ የተነሣሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

የዚያን ቀን ግን ገና ከግቢው አልወጣንም ነበር። እማሆይ የጠበሉን ጀሪካን ከውስጥ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። በመዳፋቸው ላይ አፈሰስኩላቸው፣ ፊታቸውን ታጠቡ። መዳፋቸው ላይ ትንሽ ቀረች። ወደ ኤሊዋ ዘረጉትና እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ወይዘሮ አበባ አላስቻላትም፤

«ዶክተር፣ አይጎዳትም?» አለች።

ዶክተር አይደለሁም አልኳት በመጀመሪያ። ከዚያ ለጥያቄዋ ልመልስ ስል እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጮክ ብለሽ፤ ጎረቤት ይስማ» አሉኝ።

«አይጎዳትም!» አልኩ፤ ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ሴቶች ቀና ሲሉ አየሁ። «ጎድቷትም አያውቅም!»

እጃቸው ዘንበል አለ። ሦስት ጠብታ ነበረች፤ አንዷ ጭረቱን ተከትላ ወረደች።